የመጀመሪያው ፓኬት የት ገባ?

አንዲት የኔትወርክ ተማሪ ፓኬት ትሬሰር በተባለው የሲስኮ ማስተማሪያ ሶፍትዌር ሁለት ኮምፒውተሮችን በራውተር አገናኘች። የአይፒ አድራሻዎቹን በትክክል ሞልታ ከአንዱ ወደ ሌላው ፒንግ ላከች። ከአራቱ መልእክቶች የመጀመሪያው መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ሦስቱ ተመለሱ። ትእዛዙን ስትደግመው አራቱም ተመለሱ። ምንም ያስተካከለችው ነገር የለም። ታዲያ የመጀመሪያው የት ገባ?

በእውነተኛ መስመር ላይ ይህን በዓይን መከታተል አይቻልም። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ ኬብል 1500 ባይት የያዘ ፓኬት ተልኮ የሚያበቃው በ12 ማይክሮሰከንድ ነው። እንደ ፓኬት ትሬሰር ያለ ሲሙሌተር ግን ጊዜን ያቆማል። ሊፈጸሙ የተቃረቡትን ድርጊቶች በየሰዓታቸው አሰልፎ ተራ የደረሰውን ይፈጽማል፤ ከዚያም ሰዓቱን በቀጥታ ወደሚቀጥለው ድርጊት ያዘልለዋል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ኤንኤስ-3ም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በሁለት ድርጊቶች መካከል ተማሪዋ የፈለገችውን ያህል ቆማ ማሰብ ትችላለች።

እንደገና ጀምራ ደረጃ በደረጃ ስታስኬደው ፓኬቱ በፖስታ ምስል ራውተሩ ዘንድ ሲደርስ ታያለች። ራውተሩ ፖስታው ወደ የትኛው አይፒ እንደሚሄድ ያውቃል፤ የተቀባዩን የማክ አድራሻ ግን ገና አልሰማም። ያለ እሱ ማድረስ ስለማይችል ፖስታውን ይጥለዋል። በምትኩ «ይህ አይፒ የማን ነው?» የሚል የኤአርፒ ጥያቄ በዚያ ወገን ላሉት ሁሉ ይበትናል። ባለቤቱ ይመልሳል፤ ራውተሩም ይመዘግባል። ሁለተኛው ፒንግ ሲመጣ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ደረቅ ትርጉም የነበረው ኤአርፒ አሁን የጠፋ ፖስታ ምክንያት ሆነ፤ እንዲህ የተገኘ እውቀት ከፈተና በኋላም አይረሳም።

ራውተሩ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ በሆነበት ላብራቶሪ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ቢሆንም መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ተማሪው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የሚሆነውን በወረቀት ይጻፍ። ሳይገምቱ ማየት ፊልም ከመመልከት አያልፍም።

ከዚያ ያንኑ ሙከራ በእውነተኛ መሣሪያ ይድገመው። አራቱም ፒንግ ገና ከመጀመሪያው ቢመለሱ ጥያቄው ይገለበጣል፦ ራውተሩ አድራሻውን ቀድሞ ከማን ሰማ? እውነተኛ ኮምፒውተር ማንም ሳያዝዘው ዝማኔ ይፈልጋል፣ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ለዚህም ከራውተሩ ጋር ቀድሞ ይተዋወቃል። በሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ግን ካልታዘዘ ዝም ይላል። ሲሙሌተር የሚያሳየው ሠሪዎቹ ያስገቡበትን ያህል ነው። ተማሪዋ የሁለቱን ልዩነት በራሷ አፍ ማስረዳት የቻለች ቀን ኔትወርክን አውቃለች ማለት ነው።