ከአውጫጭኝ እስከ ሕገ መንግሥት፦ ቃልን በግዳጅ የመቀበል ልማድ

ላስታን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ፈጻሚው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲያጋጥም የአገሩ ሹም ነዋሪውን ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አፈርሳታ በመባልም በሚታወቀው በዚህ ሥርዓት ከሸንጎው የቀረ ይቀጣል፤ የተገኘውም ወንጀለኛው እስኪጠቆም ወደ ቤቱና ወደ እርሻው መመለስ አይፈቀድለትም። በአጨዳ ወቅት ይህ ለገበሬው ቀላል ጫና አልነበረም። ጠቋሚው ስሙን ሰውሮ የ«ወፍ» ቃል በሚል ስለሚናገር ተጠርጣሪው ማን እንደመሰከረበት አያውቅም ነበር።

ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። አደንዛዥ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በወገቡ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ የገባበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቆጥሮ ይከፍላል።

አውጫጭኝን በግርፋት ከሚካሄድ ምርመራ ጋር አንድ ማድረግ አግባብ አይሆንም። ሆኖም ሰውን እስኪናገር ማስጨነቅ ሁለቱንም ያገናኛቸዋል። ጣሊያናዊው ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ ማሰቃየት ጠንካራውን ወንጀለኛ ነፃ አውጥቶ ደካማውን ንጹሕ ሰው እንደሚያስፈርድበት ማስረዳቱ ይታወቃል።

በአገራችን የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተጠርጣሪ ለፖሊስ መልስ እንዲሰጥ እንዳይገደድ ደነገገ፤ ማስፈራራትንና መደለልንም ከለከለ። በደርግ ዘመን ሕጉ በወረቀት ላይ እያለ ድብደባ በየምርመራ ክፍሉ የዘወትር ሥራ ሆነ። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ተቀበለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳይኖረው አደረገ። ድርጊቱ ግን አልቆመም። በ2010 ዓ.ም. የማዕከላዊ ወንጀል ምርመራ እስር ቤት ሲዘጋ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ዓመት በእስረኞች ላይ የማሰቃየት ተግባር መፈጸሙን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በይፋ አምነዋል።

ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ሊጤን የሚገባው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ነው። ቃል ለመቀበል ተጠርጣሪን ያሰቃየ መርማሪ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ትእዛዙን የሰጠው ኃላፊ ግን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የላስታም ሆነ የሌላ ወረዳ ዳኛ የእምነት ቃል ከመመዝገቡ በፊት ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ጠይቆ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ ይህ ጥያቄ ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ አጠገብ ቆሞ እያለ ቢቀርብ ግን እውነተኛ መልስ ለማግኘት ያስቸግራል።