ስለ ጨረቃ ቤቶች የመጠጥ ውኃ

ለቤተሰብ ጤና ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ የመጠጥ ውኃ ንጽሕና ቀዳሚ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። ነገር ግን በግቢው ካለው ቧንቧ የሚቀዳ ሰው፥ ካርታ በሌለው ሰፈር የሚኖረው ጎረቤቱ ያንኑ ውኃ በምን ያህል ድካም እንደሚያገኘው ዘወትር አያስበውም።

በከተማ ዳር ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚሠራውን ቤት ሕዝቡ የጨረቃ ቤት ብሎ ይጠራዋል። ባለቤቱ የይዞታ ወረቀት ስለሌለው በስሙ ቆጣሪ ማስገባት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ እናቲቱ ወይም ልጂቱ ወደ ቦኖ ወይም ቧንቧ ወዳለው ጎረቤት ሄዳ ውኃውን በጀሪካን ትገዛለች። የሻጩ ትርፍ ስለሚጨመርበትም፥ ድኻው ለአንድ ሊትር የሚከፍለው ዋጋ ባለጸጋው በቆጣሪ ከሚከፍለው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እኛ ወረቀት በመጻፍ የምንተዳደር ሰዎች፥ የአንዲት ወረቀት መጉደል እስከ ማድጋ ድረስ መዝለቁን ስናይ እንደነቃለን። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህንንም ታናናሽ ልጃገረዶች አዝለው ዳገት ሲወጡ እናያለን።

አደጋው ግን ከድካሙ ይብሳል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ በሆነ ጊዜ፥ በተሰነጠቀው በኩል የቦይ እድፍ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ ውኃው እንደ ገና ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለመጠጥ አይቅዱት። ቤት ከገባ በኋላም አፉ በሰፋ ባልዲ ተገልብጦ ሁሉም በየጣሳው ሲጨልፍ የእጅ እድፍ ይገባበታል። አፈ ጠባቡ ጀሪካን በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ የሚያዳልጥ ቆሻሻ ያበጃልና፥ ብልኆች እመቤቶች ጠጠርና ሳሙና ከጥቂት ውኃ ጋራ ጨምረው እየናጡ ያጥቡታል።

በ2008 ዓ.ም. አተት የተባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ውኃ አፍልቶ መጠጣት በየቤቱ ይመከር ነበር። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውኃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ላጠረው ቤተሰብ፥ የጠራውን ውኃ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማኖር፥ ደመና ከበዛም ሁለት ቀን ማቆየት ይረዳል። ነገር ግን በሽታው በሚበረታበት በሐምሌ ፀሐይ ከየት ይገኛል?

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ንጹሕ ውኃ የሰው ሁሉ መብት ነው ብሎ የወሰነው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ካርታ ያለውንና የሌለውንም አልለየም። ቦኖ ለማቆም ደግሞ የሰፈሩ የይዞታ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ቦኖው በመንገድ ዳር ይቆማልና፥ ቤቶቹ ቢነሡ እንኳ በኋላ ለሚመጣው ነዋሪ ያገለግላል።