ገመዱን የያዘው ሰው

ሰው ውሃ ውስጥ ሲሞት በእኛ አገር የሚባለው «ውሃ ወሰደው» ነው። ጥፋቱን የተሸከመው ውሃው ነው። ማን አስገባው፣ ማን ይጠብቀው ነበር፣ ጥልቀቱን ቀድሞ ያየ ነበረ ወይ የሚለው ጥያቄ በዚያው ተቆርጦ ይቀራል። የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ መልሱ ወደ ሟቹ ይዞራል፤ ዋና አይችልም ነበር፣ አትግባ ሲሉት እንቢ ብሎ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው። በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለምንተዳደር ሰዎች ይህ አይበቃንም። ተማሪ በአሠልጣኝ እጅ ሳለ ውሃ ውስጥ ከሞተ፣ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የአሠልጣኙ ዝግጅት ነው፤ የተማሪው ስሕተት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተማሪ ይሳሳታል፤ ባይሳሳትማ ምን ሊማር መጣ?

ለሞጣ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ፣ ወዲያና ወዲህ ያለው ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የተገናኘው በገመድ ነው። ተሻጋሪው ይታሰርና ክፍቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ በሁለቱም ወገን አሥር አሥር ያህል ሰዎች ገመዱን ይዘው ይስባሉ። በዚያች ሰዓት ተሻጋሪው ጎበዝ ሆነ ፈሪ ለውጥ የለውም። ገመዱ መሳሳቱን ማየት፣ የሳቢዎቹ ክንድ መዛሉን ማወቅ፣ «ዛሬ አይሆንም፣ ተመለስ» ማለት የያዦቹ ድርሻ ነበር። ውሃ ውስጥ ማሠልጠንም ይኸው ነው።

ነገሩ ከሁሉ ጠርቶ የሚታየው አየር ተሸክሞ የመጥለቅ ሥልጠና ላይ ነው። (ብዙ ሰው በጀርባ የሚታዘለውን ሲሊንደር ኦክስጅን ይለዋል፤ ለጀማሪ የሚሞላለት ግን የታመቀ ተራ አየር ነው።) የመጀመሪያው ሕግ ወደ ላይ ስትወጣ ትንፋሽህን አትያዝ ይላል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ እዚያ የተሳበ አየር ሳይተነፈስ ወደ ላይ ከመጣ እጥፍ ልሁን ይላል፣ ሳንባም ይቀደዳል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዘዋል፣ በፈተናም ይመልሰዋል። ከዚያ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ይገባበታል፤ ይደነግጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ብርሃን ወዳየበት ይወረወራል። የሚያውቀውን ሕግ ያፈረሰው ድንጋጤ ነው። ይህ በጠላቂ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ከእነዚህም መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ነፍተው፣ ውሃው ሲሞላ መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። ጃኬቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ እንደማይነፋ በየበረራው የሚነገር ማሳሰቢያ ነው። መንገር ማሠልጠን አይደለም፤ ስለዚህ «ነግሬው ነበር» የሚል አሠልጣኝ ገና መልስ አልሰጠም። ተማሪው ፈጽሞ ሊያውቀው የማይችለው ነገርም አለ። የጠላቂዎች የጥልቀትና የጊዜ ሰንጠረዥ ከባሕር ወለል 300 ሜትር ከፍታ ሲታለፍ መስተካከል ይኖርበታል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ማሰብ ያለበት ማን ነው?

ዐዋቂ ሰው አደጋውን አውቆ ፈርሞ ይገባል፣ ኃላፊነቱም የራሱ ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የልብ ወይም የአስም ሕመሙን ደብቆ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ የሞላ ሰው አሠልጣኙን አታሏል፤ በዚያ አሠልጣኙን መክሰስ ግፍ ነው። የውሃውን ጉልበት የማያውቅ ሰው ፊርማ ግን አሠልጣኙ የሚያውቀውን አያሳውቀውም። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውን አልነካውም፤ ለቅሶ ቤት የሚባል ማጽናኛ ነው። መምህራን ተሰብስበው ምን ጎደለ ሲሉ ግን መልስ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። መምህሩን እንዲህ ካስጨነቃችሁት ዋና የሚያስተምር ይጠፋል፣ ልጆቹም ብቻቸውን ወንዝ ይወርዳሉ ይባላል። ሥጋቱ የውሸት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ አብዛኞቹም እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ዋና ማስተማር ሕይወት ያድናል። የምጠይቀው ግን መምህሩ ለውሃው ጠባይ ዋስ እንዲሆን አይደለም። በእጁ ላለው ነገር ይጠየቅ፤ ስንት ልጅ ይዞ እንደገባ፣ ወለሉን አስቀድሞ ረግጦ እንዳየ፣ ገመድ እንደያዘ፣ መቼ እንደከለከለ። ፓዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ረዳት የሌለው አሠልጣኝ ከ8 በላይ ጀማሪ ይዞ ክፍት ውሃ እንዳይገባ ይደነግጋል፤ ሁኔታው ከከፋ ቁጥሩ መቀነስ አለበት። ከጮቄ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ሱሃና ሙጋ ክረምት አፈር ተሸክመው ሲደፈርሱ፣ ክንድ ያህል የገባ እጅ አይታይም። እንዲህ ባለ ውሃ ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ነው።

ቁጥሩ ላይ የምጨክነው የሚሰጥም ልጅ ስለማይጮህ ነው። ሰው እንደሚያስበው እጁን እያውለበለበ አይጣራም። አፉ ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ብቅ ባለባት ቅጽበት መተንፈስ እንጂ መጣራት አይችልም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይጋደላል፤ እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከሩቅ ላየው የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ላይሞላ ይችላል፤ አርባ ልጅ የሚጠብቅ ዓይን ደግሞ በአንድ ደቂቃ አርባውን አያዳርስም። ያየም ዘሎ አይግባ፤ የያዘውን ሁሉ አንቆ የሚያሰጥም ድንጋጤ አለና ብዙ አዳኝ አብሮ ሞቷል። የጎጃም ሰው ዱላ አያጣም፤ ተኝቶ ዱላ ማቀበል፣ ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ መወርወር ይቀድማል።

ጥር 1990 ዓ.ም. አውስትራሊያ ውስጥ ጠላቂዎችን የወሰደ ጀልባ ሁለቱን ባሕር ላይ ትቶ ተመለሰ። ቆጠራው ተሳስቶ ነበር። መጉደላቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዕቃቸው ጀልባው ውስጥ ሲገኝ ነው፤ ሰዎቹ በሕይወት አልተገኙም። ስለዚህ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ተማሪ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ መምህር የስም መጥሪያውን ክፍል ውስጥ ትቶ አይውጣ። ልጆቹ ልብስ ከማውለቃቸው በፊት አንድ ጊዜ ይጥራ፣ ውሃ ውስጥ ሳሉ ያስቁምና ይጥራ፣ ለብሰው ሲሰለፉ ደግሞ ይጥራ። ያኔ ዳርቻው ላይ አንድ ጫማ ከቀረ፣ ባለቤቱ በዓይን እስኪታይ ማንም ከዚያ አይንቀሳቀስም።