ጋዋኑ ከወለቀ በኋላ

በምርቃት ሰሞን ባሕር ዳር ከነበሩ ትዕይንቱን ያውቁታል። ጥቁር ጋዋን የለበሱ ልጆች ጣና ዳር ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ፤ እናት አበባውን ታስተካክላለች፤ አባት እንባውን ደብቆ ይስቃል። ልጅዎ በሕግ ከተመረቀ ደግሞ ያ ቀን የ5 ዓመት ድካም ማብቂያ ነው። ግን ጋዋኑ ከወለቀ በኋላ ያ ትምህርት ለጎረቤትዎ ምን ይጠቅማል?

እስቲ ይህን ያስቡ። አንድ አባት ታመው ኑዛዜያቸውን በጎረቤት እጅ ያጽፋሉ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ይፈርማሉ። ከአርባው በኋላ ወረቀቱ ሲወጣ ግን አንዱ ልጅ ይከስሳል፤ ኑዛዜውም ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡም በጽሑፉ መጠቀስ፣ ቀን ሊጻፍበትና ወዲያው ሊፈረም እንደሚገባ ይደነግጋል። አባትየው ሙሉውን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስፍረው፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ቢያኖሩበት ኖሮ ምስክር ባላስፈለገ ነበር። የጎደለው የአንድ ሰው ፊርማ ነው፤ የተበተነው ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ይህን ለመከላከል ትልቅ ጠበቃ አያስፈልግም፤ በጊዜው የሚጠየቅ ሰው ብቻ ይበቃል። የሕግ ትምህርት ቤት ለከተማ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታም ይኸው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩና ከመምህራን ትምህርት ተቋሙ ተዋሕዶ ተመሠረተ፤ በኋላ የተከፈተው የሕግ ትምህርት ቤትም በከተማውና በአካባቢው ለጠበቃ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

ነፃ ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ችሎት ቆሞ መከራከርን ነው። የሚበዛው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ባለጉዳይን አዳምጦ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሄድ መንገር፣ የቀለብ ማመልከቻ መጻፍ፣ ማስረጃ መለየት። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ሕጉ እንደሚፈቅድም የሚነግረው ያስፈልጋል። ተማሪውም በመጽሐፍ ያላየውን ያያል፤ ሕግ ያነበበ ሰው እናቲቱን ከነልጇ ፊቱ ስትቀመጥ ነው የሚፈተነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ጥሩ ርዕስም ከዚያ ጠረጴዛ ሊወለድ ይችላል።

የሕግ ምሩቃን ሲሰባሰቡ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ከአዲስ አበባ የቀረበ ምሳሌ አለ። የመጀመሪያው የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቁት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ማኅበሩ በጠለፋ ተወስዳ ራሷን ስትከላከል ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመቷን አበራሽ በቀለን በነፃ ተከራክሮላት ነፃ ወጣች። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። ወ/ሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እርስዎ የሕግ ምሩቅ ከሆኑ የክፍል ጓደኞችዎ የሚሰባሰቡት ለሠርግና ለልቅሶ ብቻ ነው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። ይህ በሳምንት 1 ሰዓት ያህል ነው፤ ከአንድ ቡና አይበልጥም። 10 ጓደኛሞች ቢስማሙ 500 ሰዓት ይሞላል።

የሕግ ሰው ካልሆኑስ? ቤትዎ የምትሠራው ልጅ ደሞዟን የከለከላት የቀድሞ አሠሪ ይኖር ይሆናል፤ የግቢው ዘበኛ የአባቱ መሬት ላይ ጭቅጭቅ ይኖርበት ይሆናል። «ዝም በል፣ ይቅርብህ» ከማለትዎ በፊት በአቅራቢያዎ ነፃ የሕግ ድጋፍ የት እንዳለ ይጠይቁለት። ካስፈለገም አብረውት ይሂዱ፤ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት የሚፈራው በሩን ነው።

ዛሬ ማታ ደግሞ የራስዎን ሰነዶች ያውጡና ይዩ፦ ኑዛዜ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ያልገባዎት ነገር ካለ ከመጣላት በፊት ይጠይቁ። ጣና ዳር ፎቶ የተነሳው ልጅ የተማረው ለዚህ ቀን ነው።