ሁለቱ ዲስኮች አብረው ሲሞቱ

«ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ብዙ ዲስኮችን በሚያጣምረው ሬይድ ላይ ከሆነ ደግሞ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን አይሞቱም።» ይህን አምነው እፎይ ብለው የሚተኙ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ጥቂት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። አንዳንድ የኤስኤስዲ ሞዴሎቹ በድምሩ 32,768 ሰዓት፣ ማለትም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ ከሠሩ በኋላ በፈርምዌር (በዲስኩ ውስጥ ባለው ሶፍትዌር) ስህተት ቀጥ ይላሉ፤ ዲስኩም ዳታውም አይመለስም። አብረው ሥራ የጀመሩ ዲስኮች አብረው ይወድቃሉ ማለት ነው። ቁጥሩ ራሱ ነገሩን ያጋልጣል፤ አሉታዊ ቁጥርም የሚይዝ ባለ 16 ቢት ቆጣሪ ከ32,767 በላይ መቁጠር አይችልም። በማርች 2020 ሌላ ማስጠንቀቂያ ተከተለ፤ የዚህኛው ገደብ 40,000 ሰዓት ነበር። በጁላይ 2022 ደግሞ ሃከር ኒውስ የተባለው ድረ ገጽ ለሰዓታት ጠፋ፤ የዋናው ሰርቨር ኤስኤስዲዎች በሞቱ በሰዓታት ውስጥ የመጠባበቂያው ተከትለዋቸው ነበር።

ሬይድን በ1988 ያስተዋወቁት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ አስተማማኝነቱን ያሰሉት እያንዳንዱ ዲስክ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ በራሱ ጊዜ ይበላሻል ብለው ነው። ኤስኤስዲ ዳታ የሚይዝባቸው የፍላሽ ሴሎች ግን በተጻፈባቸው ቁጥር ያልቃሉ፤ ሬይድ 1 በሁለቱም ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል፣ ሬይድ 5ም የጎደለውን ለማስላት የሚረዳውን ፓሪቲ ለሁሉም እኩል ያከፋፍላል። እኩል መሥራት እኩል ማርጀትን ያመጣል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2010 ዲፍ ሬይድ በተባለ ሥራቸው ፓሪቲውን ሆን ብሎ ማበላለጥን ያቀረቡት ለዚህ ነበር። ብልህ ሐሳብ ነው።

ተቃራኒው እምነትም አለ፦ «ሬይድ ላይ ብዙ ስለሚጻፍበት ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል።» ሬይድ 5 ለአንድ ትንሽ ለውጥ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለት ጊዜ እንደሚጽፍ እርግጥ ነው። ይሁንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በ2016 ያቀረቡት ጥናት በጉግል የዳታ ማዕከላት ያሉ ኤስኤስዲዎች ከሃርድ ዲስክ ባነሰ መጠን እንደሚቀየሩ፣ የተጻፈባቸው ብዛት ምንም ይሁን ምን ዕድሜያቸውም ከስህተት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሚያስፈራው ሌላው ግኝት ነው፤ እንደ ሞዴሉ ከ20 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ቢያንስ አንድ ሊታረም የማይችል ስህተት ገጥሟቸዋል። ከሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሞቶ ሲተካ፣ በቀሩት ላይ የማይነበብ ቦታ ከተገኘ የዚያን ቦታ ዳታ መልሶ ማስላት አይቻልም።

«ትሪም (የተሰረዙ ቦታዎችን ለኤስኤስዲው የሚያሳውቀው ትእዛዝ) ሬይድ ላይ አይሠራም» የሚለው ደግሞ ያረጀ ወሬ ነው። የሊኑክስ የሶፍትዌር ሬይድ ከከርነል 3.7 ጀምሮ ይደግፈዋል፤ በሬይድ 5 ላይ ግን ለጥንቃቄ ሲባል ካላበሩት አይሠራም።

ስለዚህ ኤስኤስዲ ለሬይድ የሚገዛ ሰው ከተለያየ ምርት ወይም ከተለያየ ኩባንያ ይቀላቅል፤ ፈርምዌሩን ያድስ፤ የሥራ ሰዓታቸውን ዲስኩ ስለራሱ በሚመዘግበው ስማርት በተባለ መረጃ ይከታተል። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች እኩል ስለሚሰረዝ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ባክአፕም ይኑረው።