በጌዴኦ የተባይ መድኀኒት ለሚረጩ ሠራተኞች ስለሚገባ ትምህርት

የተባይ መድኀኒት ስሙ መድኀኒት ይሁን እንጂ ግብሩ መርዝ ነው። ስለዚህ መርጫው በሠራተኛው ትከሻ ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ ትምህርቱ ሊደርሰው ይገባል።

በዲላ ዙሪያና በመላው ጌዴኦ ይህ ነገር ይልቁንም ይከብዳል። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን፥ እንሰቱንና የጥላውን ዛፍ በአንድ ጓሮ አብሮ ያበቅላል፤ ቤቱም በዚያው መካከል ነው። ስለሆነም ለአንዱ ተክል ተብሎ የተረጨው በኮባው ላይ ያርፋል፤ በኮባውም ቆጮ ይጠቀለልበታል። ንቡም፥ ምንጩም፥ በጓሮው የሚጫወተው ሕፃንም ከጉዳቱ አይድኑም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውም ይኸው የጌዴኦ ምድር ነው።

ለሠራተኛው በመጀመሪያ የሚነገረው፥ መርዝ በአፍ ብቻ የማይገባ መሆኑ ነው፤ በርጭት ጊዜ አብዛኛው የሚገባው በቆዳ ነው። ስለዚህ ጓንት፥ ቦት ጫማ፥ እጀ ረጅም ልብስና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጉታል። ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ አይርጭ፤ በርጭት መካከልም አይብላ፥ አያጪስ። የርጭቱ ልብስ ከቤተ ሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ባዶው ጀሪካን ውኃ ወይም ዘይት እንዳይቀዳበት ተበስቶ ይወገድ።

ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ የዕቃው ቀለም ይገለጥለት። ቀዩ መስመር ከሁሉ የከፋውን፥ ቢጫው ቀጥሎ ያለውን፥ ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀለል ያለውን ያመለክታሉ። ትምህርቱም በጌዴኦኛ ይሰጥ፤ የሶንጎ ሽማግሌዎች ቢገኙበት ቃሉ ይሰማል።

ራስ ማዞር፥ ብዙ ላብና የምራቅ መብዛት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ልብሱን አውልቆ በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ፥ የመድኀኒቱንም ስም የያዘውን ጽሑፍ ይዞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። እንዲያስታውክ ማስገደድ ግን አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ ርጭት ብቻ አልበቃም፤ በጅማ በተደረገው ምርምር በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዓይነቶች ተመርጠው ለገበሬው ተሰጡ። ስለዚህ ያለ መርዝ ሊሆን የሚቻለው ሁሉ አስቀድሞ ይሞከር።

አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ የተባይ መድኀኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የወረዳ ሹማምንት በየገበያው ያለ ምልክት በጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን ይከታተሉ። ሠራተኛ የሚያሠራ ባለይዞታም ጓንቱን፥ ሳሙናውንና ትምህርቱን ሳያሟላ ማንንም ወደ ርጭት አይስደድ።