የቤት ክዳን ማፍሰስ ሳይጀምር ይመርመር

የአርሲ ነገሌ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወረዳው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ካሉት ከላንጋኖ፣ ከአብያታና ከሻላ ሐይቆች ዳር ተነሥቶ በስተምሥራቅ እስከ ሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ድረስ ሽቅብ ይዘልቃል። በሐይቆቹ ዳር ሙቀትና ምስጥ፣ በደጋው በኩል ደግሞ ብርድና ረጅም ዝናብ ስለሚበዛ፣ የገበሬው ቤት ክዳን ከሁለቱም ወገን ፈተና አለበት።

በሰኔና በሐምሌ ወር ዝናቡ ሲበረታ አልጋውንና የእህል ጆንያውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚያድር ቤተሰብ በየመንደሩ አይታጣም። በዚያን ጊዜ ደረቅ ሣር አይገኝም፤ ጉልበት ያለው ሁሉ በእርሻና በአረም ላይ ነው፤ ክዳኑን ለመግፈፍ የሚያስችል ደረቅ ቀንም የለም። ይሁን እንጂ ክዳን በአንድ ሌሊት አያረጅም። ማርጀቱን ከማፍሰሱ ከብዙ ወራት በፊት ያሳያል። ምልክቱን አውቆ በበጋ የደረሰለት ሰው የሚያወጣው ሣርና የጥቂት ቀን ጉልበት ብቻ ሲሆን፣ ችላ ያለው ግን ወራጁን፣ ማገሩንና ግድግዳውን ጭምር ሊያጣ ይችላል።

የዝናቡ ኃይል ምን ያህል ነው?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። የክዳኑ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር የሚሰፋ ክብ ቤት 38 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ከባድ ዝናብ ቢወርድ 770 ሊትር ያህል ውኃ በክዳኑ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ደህና ክዳን ይህን ሁሉ ውኃ ከላይ ከላዩ አንሸራትቶ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ይጥለዋል። ያረጀ ክዳን ግን ውኃውን ይመጠውና ይከብዳል፤ ክብደቱ በወራጁ ላይ ሲያርፍ ርጥበቱ ደግሞ ወደ እንጨቱ ይዘልቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳትም ይህ ነው። ሣር በየዓመቱ ይበቅላል፤ እንጨት ግን ዓመታት ይፈልጋል። በቀድሞ ቤቶች ላይ የሚገኘውን የጽድ ምሰሶና ወራጅ የመሰለ፣ ምስጥን የሚቋቋም እንጨት ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። አገር በቀል ዛፎችን ከመንግሥት ደን መቁረጥም በሕግ የተከለከለ ነው። በምትኩ የሚቆመው ባሕር ዛፍ ሳይደርቅና ሳይታከም ከተሠራበት፣ ርጥበትና ምስጥ ሲያገኙት ቶሎ ይበላሻል። በ1978 ዓ.ም. በአርሲ ክፍለ ሀገር የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ ብዙ ገበሬዎች ቤታቸውን ነቅለው እንጨቱን ተሸክመው ወደ አዲሱ ሥፍራ መሄዳቸው ይታወሳል። የቤት ዋናው ሀብት እንጨቱ መሆኑን ገበሬው ጠንቅቆ ያውቀዋል።

የሣር ክዳን ምልክቶች

ምርመራው ከውጭ ይጀመራል። አዲስ ክዳን ቢጫ ሆኖ ይቆይና በፀሐይ ብዛት ወደ ግራጫ ይለወጣል። ግራጫ መሆኑ ብቻ ችግር አይደለም። ነገር ግን ሽበት ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ሲያወጣ፣ ይባስ ብሎም ቡቃያ ሲታይበት፣ ውኃ አምቆ እንደሚያድር ያመለክታል። ቀጥሎ የሚታየው የክዳኑ ገጽ ነው። ውኃ ሲወርድበት የቦረቦረው ቦይ ከታየ፣ ጠርዙ ተሸርሽፎ ወደ ግድግዳው ከቀረበ፣ ሣሩ የታሰረበት ልጥ ወይም ማሰሪያ ከውጭ ብቅ ካለ፣ ክዳኑ ስስ ሆኗል። በጉልላቱ ዙሪያ ያለው ሣርም መላላት አለመላላቱ በደንብ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ውኃ መግባት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ሁለተኛው ምርመራ በእጅ ነው። ዝናብ ካባራ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እጅን ወደ ሣሩ አስገብቶ መዳሰስ ይገባል። የላይኛው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብቻ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ክዳኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ርጥበቱ እስከ መካከሉ ከዘለቀና ሣሩ በእጅ ሲፈተግ እንደ ፍግ ከደቀቀ፣ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል። ሣሩ ተመዝዞ ሲወጣ ሳይበጠስ የሚታጠፍ ከሆነ ግን ገና ጉልበት አለው።

ሦስተኛው ምርመራ ከውስጥ ነው። በቀትር ፀሐይ በሩን ዘግቶ ወደ ላይ ማየት በቂ ነው። እንደ ወንፊት ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። በግድግዳው ላይ ጥቀርሻ ይዞ የወረደ ጥቁር ውኃ መስመር መኖሩ፣ የምርጊቱ አናት ታጥቦ ማገሩ መታየቱ፣ ቤቱ በጧት ሻጋታ ሻጋታ መሽተቱ፣ እነዚህ ሁሉ ጠብታ ወለል ላይ ከመድረሱ በፊት የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። ከዚያም የወራጁ ጫፍ በቢላዋ ጫፍ ይወጋል። ቢላዋው በቀላሉ ከጠለቀ እንጨቱ በስብሷል። በዱላ ሲመታ የባዶ ቅል ድምፅ ካሰማም ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል።

ከዚህ በኋላ ፍርዱ ቀላል ነው። ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነና ሥሩ ደረቅ ከሆነ ያንን ወገን መጠገን ይበቃል። መበስበሱ በብዙ ቦታ ወደ መካከሉ ከዘለቀ ግን ሁሉንም ገፎ መክደን ያስፈልጋል። በበሰበሰው ላይ አዲስ ሣር መደረብ ጊዜ የቆጠበ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥር ያለው ርጥበት አዲሱንም ያበሰብሰዋል፤ ክብደቱም በወራጁ ላይ እጥፍ ይሆናል። ተገፎ የወጣው አሮጌ ሣር በማሳ ዳር በሚዘጋጅ የብስባሽ ጉድጓድ ቢገባ ለመሬቱ ይጠቅማል።

የጭስ ነገር

የምድጃ ጭስ ሣሩንና እንጨቱን ከብልና ከምስጥ ሲጠብቅ መኖሩ እውነት ነው። ጥቀርሻ የለበሰ ወራጅ ብዙ ዘመን የሚቆየውም ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል ጭስ የእናቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማድ ቤት ከመኖሪያ ቤት እንዲለይ የሚመክረውም ለዚህ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም ማድ ቤቱን ለይቶ የሠራ ገበሬ የመኖሪያ ቤቱ ክዳን የቀድሞ ጠባቂውን ማጣቱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ክዳኑን በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በመስከረም መጨረሻ፣ ሌላውን በየካቲት መመርመር ይኖርበታል።

አርሲ ነገሌ በአረቄ ማውጣት ሥራ የታወቀች ናት። እሳት ከጧት እስከ ማታ በሚነድበት ቤት ላይ ያለ የሣር ክዳን ከሥሩ እጅግ ስለሚደርቅ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እንዲህ ያለው ሥራ ከመኖሪያና ከጎተራ በራቀ፣ ቆርቆሮ በተከደነ ቤት ቢካሄድ ይመረጣል።

ሣሩ ከየት ይምጣ?

ለክዳን የሚሆነው ረጅምና አገዳው ጠንካራ የሆነ እንደ ሰንበሌጥ ያለ ሣር ነው። ይህም የሚታጨደው ዘር ካፈራና ከደረቀ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በለጋነቱ የታጨደ ሣር ቶሎ ይበሰብሳል። የግጦሽ መሬት ለስንዴና ለበቆሎ እየታረሰ በመሄዱ ግን ሰንበሌጥ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ነው።

ብዙዎች በምትኩ የስንዴ አገዳ ይከድናሉ። በማጭድ የታጨደ ረጅም አገዳ ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል። ነገር ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአርሲ የተስፋፉት ምርጥ የስንዴ ዘሮች አገዳቸው አጭር ነው፤ በኮምባይነር የታጨደው ደግሞ ተሰባብሮ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም ኮምባይነር ሲስፋፋ የስንዴ አገዳ ለክዳን ጠፍቶ፣ ዛሬ አንዳንድ ገበሬዎች ረጃጅም የጥንት የስንዴ ዘሮችን ለክዳን ብለው እየዘሩ በልዩ ማጨጃ ያጭዳሉ። እዚህም ቢሆን ክዳኑ በቀጣዩ ዓመት እንደሚለወጥ ያወቀ ገበሬ ከማሳው ዳር የተወሰነውን ስንዴ በማጭድ ቢያጭድ፣ ወይም ከእርከንና ከድንበር ላይ ሰንበሌጥ ከልሎ ቢያሳድግ ሣር ፍለጋ አይንከራተትም። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን አስቀድሞ የመረመረ ብቻ ነው።

ቆርቆሮም ያረጃል

ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ የማይነካ የሚመስላቸው አሉ። የቆርቆሮን ብረት ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተቀባው ዚንክ ነው። ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ዝገቱ ቀድሞ የሚታየው በሚስማሩ ዙሪያ፣ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ በተደረበበት ሥፍራና በተቆረጠው ጠርዝ ነው። ቡናማ ነጥብ መታየቱ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የሚፈረፈር ቆርቆሮ ግን መለወጥ አለበት። ከሥሩ ያለው እንጨት ደህና ከሆነ የዛገውን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጥ፣ የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድም ሲያሳብጠውና ሲያኮማትረው ሚስማሩ ይላላል። የላላ ሚስማር በወፈረ ሚስማርና በአዲስ ጎማ ይተካል፤ የሚመታውም በማዕበሉ ጉብታ ላይ እንጂ በቦዩ ውስጥ አይደለም። ነፋስ እንዳያነሣው ተብሎ ድንጋይ መጫን ዚንኩን ይፍቃል፤ ውኃም ያቁራል። ይልቁንስ ወራጁን ከግድግዳው ጋር በሽቦ ማሰር ይሻላል። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ውፍረቱ እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም። ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32፣ ባለ 32 ደግሞ ከባለ 35 ይወፍራል።

የመሪዎች ድርሻ

በገጠር ሕዝቡ ዛሬም በልማድ ገበሬ ማኅበር በሚላቸው ቀበሌዎች ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ያሉት የጥርና የየካቲት ወራት ክዳን ለመክደን ከሁሉ የተመቹ ናቸው። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ስለሚደርስ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን አያስተማምንም። በመሆኑም መሪዎች በኅዳር ወር ልምድ ካላቸው ከዳኞች ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ቢመረምሩና ደቦውን በተራ ቢመድቡ ሥራው ይቀላል።

በተራው አመዳደብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ጣራው ጨርሶ ለተደረመሰ ቤት ነው። የዚህ ቤት እንጨት አንዴ ስለበሰበሰ አዲስ ቤት መሥራት እንጂ መክደን አያድነውም። ባለቤቶቹ እስኪሠራላቸው ድረስ መጠለያ ሊያገኙ ይገባል። የደቦው የመጀመሪያ ቀን ግን ሣሩ አልቆ እንጨቱ ገና ደህና ለሆነው ቤት ቢውል፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ሥራ አንድ ሙሉ ቤት ይድናል። ተራው ለከርሞ ቢተላለፍ እርሱም ከሚፈርሱት ጋር ይቆጠራል። በተለይም ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ወደ ጣራ ወጥተው ክዳናቸውን ለመዳሰስ አቅም ስለሌላቸው፣ ሳይጠይቁ ቤታቸው ሊታይላቸው ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በኅዳር በቀትር ፀሐይ በሩን ዘግቶ ወደ ላይ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ በሐምሌ ሌሊት የሚያድነው ግን የዓመቱን እህልና የቤተሰቡን ጤና ነው።